የዘር ነገር

አማርኛችን «ዘር» የምትለዋን ቃል ከመጠን በላይ ነው የሚያሠራት። ገበሬው ከጎተራው ጥግ ለይቶ ያስቀመጣት የከርሞ ተስፋ «ዘር» ናት። ሰባት ቤት እየተባለ የሚቆጠረውም «ዘር» ነው። ልጅ ሳይወልድ ያለፈ ሰው «ዘር አልተካም» ይባላል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ነገሩ ሲከር በመጨረሻ የሚመዘዘውም ያው «ዘር» ነው። ጋብቻ ሲታሰብ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ተብሎ ይመከራል። ልጅ ሲያስቸግር «የእባብ ልጅ እባብ» ይባላል። የሥጋ ነገር ሲነሳ ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል» ተብሎ ይደመደማል።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ባዮሎጂ ብለን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ትምህርት አብዛኛው በዚህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ውስጥ ነው ያለው። ስንዴ ለምን ስንዴን ይወልዳል? ስንዴ ስንዴን ከወለደ ደግሞ፣ ሁለት ስንዴ ለምን አንድ ዓይነት አይሆንም? አንድ ዓይነት ካልሆነስ፣ ድርቅ ሲመጣ ለምን ይሄኛው ተርፎ ያኛው ይቀራል? ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ውርስ፣ ሁለተኛው ስለ ልዩነት፣ ሦስተኛው ስለ ምርጫ ይጠይቃል። የቀረው ሁሉ፣ ሴሉም፣ ክሮሞዞሙም፣ ዲኤንኤውም፣ ኤቮሉሽኑም የእነዚህ መልስ ነው።

መልሱ ግን የፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልሆነም። ሰው ታስሮበታል፣ ሰው ሞቶበታል። ዛሬ የማወጋችሁም ይህንኑ ነው። ታሪኩ በአገራችን በቅሎዎች ጀርባ ላይም ያልፋል። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ በእኛው ሲሆን እናገራለሁ።)

ከትንሹ እንጀምር። በ1665 ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ቡሽ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ጥቃቅን ክፍሎች አየ። «ሴል» አላቸው፤ ትንሽ ክፍል እንደማለት ነው። ያያቸው የሞቱ ሴሎች ግድግዳ ነበሩ። ሕያዋኑን ጥቃቅን ፍጥረታት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያየው ሊወንሁክ የተባለ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም ነገሩን ለማዋሃድ መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ ፈጀበት። በ1838 እና በ1839 ሽላይደን እና ሽቫን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን፣ ተክልም ሆነ እንስሳ የተሠራው ከሴል ነው አሉ። በ1855 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ሩዶልፍ ፊርኾ አንድ ነገር ጨመረ፦ ሴል ሁሉ ከሴል ይወለዳል፣ እንዲያው ከባዶ የሚፈጠር ሴል የለም።

ይህችን አባባል ቀለል አድርገን አንለፋት። አንድ የጤፍ ፍሬ አንሡ። በአንድ ግራም ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ፍሬ ስለሚገባ ጣታችሁ ላይ መኖሯም አይታወቃችሁም። በዚያች ፍሬ ውስጥ ያሉት ሴሎች ከአምናው ጤፍ ሴል ነው የመጡት፤ የአምናው ከካቻምናው። እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ፣ የአክሱም ዘመን ገበሬ ከዘራው ጤፍ ድረስ አንዴም ያልተበጠሰ የሕይወት ክር ታገኛላችሁ። አንድ ዓመት ቢበጠስ አለቀ። «ዘሩ ጠፋ» የምንለው ይህንን ነው።

ታዲያ በዚህ ክር ላይ የሚተላለፈው ምንድን ነው? ይህንን የመለሰው መነኩሴ ነው። ግሬጎር ሜንደል ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ ከተማ ባለ ገዳም አትክልት ቦታ ስምንት ዓመት አተር ሲያዳቅል ኖረ። ድቡልቡሉን አተር ከጭምድዱ ጋር ሲያዳቅለው፣ ልጆቹ ሁሉ ድቡልቡል ሆኑ። ጭምድዱ ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም። የልጅ ልጆቹን ሲቆጥር 5474 ድቡልቡል፣ 1850 ጭምድድ አገኘ። ሦስት ለአንድ ገደማ ማለት ነው። እኛ ሕፃን አይተን «ይሄማ ቁርጥ አያቱን!» የምንለውን ነገር ሜንደል በቁጥር ጻፈው። ባሕርይ እንደ ወተትና ቡና ተቀላቅሎ አይቀርም፤ ሳይሟሟ ተደብቆ ይቆያል፣ በሦስተኛው ትውልድ ብቅ ይላል። ዛሬ ጂን ወይም ዘረመል የምንለው ይህንን ሳይሟሟ የሚተላለፈውን ነገር ነው። ሜንደል ጽሑፉን በ1866 አሳተመ፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በ1884 ሞተ። በ1900 ሦስት ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደርሰውበት ከተረሳበት አወጡት።

ሜንደል አተሩን ሲቆጥር፣ የዳርዊን መጽሐፍ ታትሞ ነበር፤ 1859። እኛ ዘንድ የዳርዊን ስም ሲነሳ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው አይደለም እንዴ?» ተብሎ ጨዋታው እዚያው ይቋጫል። የእምነቱን ነገር ለየሰው ልተውና፣ መጽሐፉ የሚጀምረው ግን ከዝንጀሮ አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ለማዳ እንስሳትና ስለ ሰብል ነው፤ በተለይም ስለ እርግብ። እርግብ አርቢው የሚፈልገውን እየለየ ያራባል፣ የማይፈልገውን ይተዋል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ ሌላ መልክ ያለው እርግብ ያገኛል። የእኛ ገበሬ ዐውድማ ላይ ዛላው የበረታውን ለይቶ «ይሄ ለዘር» ሲል የሚያደርገው እሱን ነው። ዳርዊን ያለው፣ ድርቁም፣ ውርጩም፣ ዋጉም፣ ተምቹም እንደዚያው ይመርጣሉ ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚሉት ይህ ነው። ግን ምርጫ እንዲኖር መጀመሪያ ልዩነት መኖር አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ምኑ ይመረጣል?

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ተወለደ። አያቱ ገበሬ፣ አባቱ ነጋዴ ነበሩ። እርሻ ተማረ፤ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ «ጄኔቲክስ» የሚለውን ቃል ለሳይንሱ ከሰጠው ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ሠራ። በ1921 ፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የአገሪቱን የእፅዋት ምርምር ቢሮ ሲረከብ ሩሲያ በረሃብ እያለቀች ነበር። በ1921 እና በ1922 በቮልጋ አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ቫቪሎቭ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ብርድን፣ ድርቅን፣ በሽታን የሚቋቋም ሰብል ለማውጣት መነሻው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይሆን በዓለም ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ሄዶ መሰብሰብ! ከኢራን እስከ አፍጋኒስታን፣ ከጃፓን እስከ ደቡብ አሜሪካ እየዞረ ሰበሰበ። ያልሄደበት አህጉር ጥቂት ነው።

በ1919 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር፣ በጅቡቲ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ የጉዞ ፈቃድም አገኘ። ከዚያ ቅፍለቱን አደራጅቶ በበቅሎ ተነሣ። አንኮበርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን እየረገጠ እስከ አስመራ ዘለቀ። በየደረሰበት ማሳ ገብቶ ዛላ ይቆርጣል፤ ገበያ ገብቶ ከየቁናው ጭብጥ ጭብጥ ይገዛል፤ በከረጢት አድርጎ ስምና ቦታ ይጽፍበታል። የአገራችን ሰው ፈረንጅ ሲመጣ ወርቅ ፍለጋ ነው ብሎ መጠርጠር ይወዳል። ይሄኛው ፈረንጅ የሚፈልገው የገበሬውን ገብስ ነበር!

ያየው ነገር አስደነቀው። ስንዴና ገብስ በአንድ ማሳ ውስጥ ብቻ በዓይነት በዓይነቱ፤ ነጩ፣ ቀዩ፣ ወይን ጠጁ፣ ጺም ያለው፣ ጺም የሌለው። በሌላው ዓለም ጺማም ብቻ መስሎ ይታወቅ ከነበረው ከዱረም ስንዴ ወገን፣ ጺም የሌለው እዚህ አገኘ። ቫቪሎቭ የሰብሎች መፍለቂያ ናቸው ብሎ በዓለም ካርታ ላይ ካከበባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷን ኢትዮጵያን አደረገ። እርግጥ የኋላ ምርምር ሐሳቡን አርሞታል። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ ለማዳ የሆኑት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ወደዚህ የመጡት በኋላ ነው። ከዚሁ የበቀሉት ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ናቸው። ግን ስንዴና ገብሱም እዚህ ከገቡ በኋላ እንደገና በዝተዋል፣ ተለያይተዋል።

ለምን? መልሱ ከኤቮሉሽን መጽሐፍ ይልቅ ከመልክዓ ምድራችን ላይ ቢነበብ ይቀላል። ደጋው፣ ወይና ደጋው፣ ቆላው በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ነው። ከተራራው ራስ ላይ ውርጭ ይመርጣል፤ ከሥሩ ድርቅ ይመርጣል፤ ረግረጉ ላይ ውሃ ይመርጣል። ዘር ሲባዛ ደግሞ ሴሉ ጽሑፉን ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተት ጥቅም የለውም፣ አንዳንዱ ይገድላል፣ አንዳንዱ ግን ያድናል። ያዳነው ይቀራል፣ ይወርሳል። በዚህ ላይ የገበሬው ምርጫ አለ። አንዱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለጠላ፣ አንዱ ለቆሎ፣ አንዱ ለገንፎ እያለ ይለያል። ደግሞም ሁሉን አንድ ዓይነት አይዘራም። ሰሜን ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ሐንፈጽ ብሎ የሚዘራ አለ። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ፣ ቢበረክት ስንዴው። ኢንሹራንስ ማለት እኮ ይሄ ነው፤ ወረቀት የሌለው፣ ፊርማ የሌለው።

ቫቪሎቭ ይህንን ሁሉ በከረጢት ሸክፎ ሌኒንግራድ አስገባ። በየዓመቱ የሚጨመረው ተደምሮ፣ በ1940 ገደማ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ያህል የዘርና የተክል ናሙና ተከማችቶ ነበር። በዓለም ላይ ያኔ የሚወዳደረው አልነበረም።

እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ላይ ይበላሻል።

ትሮፊም ሊሴንኮ የዩክሬን ገበሬ ልጅ ነው። በ1927 ፕራቭዳ ጋዜጣ ከሕዝብ አብራክ የወጣ ባለሙያ አድርጎ አሞካሸው። የሠራው ሥራ እንዲህ ነው። በሩሲያ በመከር ተዘርቶ፣ የበረዶውን ወራት አፈር ውስጥ አሳልፎ፣ ብርዱ ሲያልፍ የሚያድግ ስንዴ አለ፤ በረዶው ሲበረታ ይሞታል። ሊሴንኮ ዘሩን አርሶና አቀዝቅዞ በጸደይ መዝራት ይቻላል አለ። እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም፤ ነገሩ ከእሱ በፊትም የታወቀ ነበር። ቫቪሎቭ ራሱ መጀመሪያ ላይ ወጣቱን አበረታቶታል። ሊሴንኮ ግን አልፎ ሄደ። የቀዘቀዘው ዘር ጠባዩን ለልጅ ልጅ ያወርሳል፣ ተክልን እንደ ልጅ አሠልጥኖ መለወጥ ይቻላል፣ ጂን የሚባል ነገር የቡርዧ ፈጠራ ነው አለ። በኋላማ ስንዴ ወደ አጃ ዘመድ ወደ ራይ ይለወጣል እስከማለት ደረሰ።

የእኛ እናቶች የሴት ልጆቻቸውን ጆሮ ሲበሱ ስንት መቶ ዓመት ሆናቸው? ጆሮዋ ተበስቶ የተወለደች ሕፃን ግን አላየንም። ቫይስማን የተባለው ጀርመናዊ ይህንኑ ለማሳየት በ1880ዎቹ የአይጦችን ጅራት ለተከታታይ ትውልድ እየቆረጠ አራባ፤ ግልገሎቹ ባለ ጅራት ሆነው ተወለዱ። የቅዝቃዜውም ነገር እንዲሁ ነው። ዘመናዊው ሳይንስ ተክሉ ያሳለፈውን ብርድ በሴሎቹ ውስጥ እንደሚያስታውስ ደርሶበታል፤ ያ ትዝታ ግን አዲሱ ፍሬ ሲፈጠር ይሰረዛል። ልጁ የራሱን ብርድ ራሱ ማየት አለበት።

ታዲያ ሊሴንኮ እንዴት ተሰማ? ነገሩ ወዲህ ነው። የግዳጅ ኅብረት እርሻው ምርቱን ገድሎታል። በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖች እንደገና በረሃብ አልቀዋል። መንግሥት ጥፋቱ የፖሊሲው ነው የሚለውን መስማት አይፈልግም። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት ይፈጃል ሲል፣ ሊሴንኮ ሁለት ሦስት ዓመት ይበቃኛል ይላል። ማንን ትሰማላችሁ? ማስረጃ ሲባል ሊሴንኮ ለየኅብረት እርሻው መጠይቅ ይልካል፣ የእርሻው ኃላፊ ደግሞ አለቃውን ደስ የሚያሰኘውን ሞልቶ ይመልሳል። ምርቱ በሪፖርት ላይ አደገ። የሪፖርት ስንዴ ደግሞ አይፈጭም፣ አይጋገርም። በ1935 ክሬምሊን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ሊሴንኮ የሳይንስ ተቃዋሚዎቹን ከመደብ ጠላት ጋር እያዛመደ ሲናገር፣ ስታሊን ተነሥቶ «ብራቮ!» አለው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የስንዴ ክርክር መሆኑ ቀረ። በ1938 ሊሴንኮ የአገሪቱ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ቀድሞ ቫቪሎቭ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ቫቪሎቭ አልተመለሰም። በ1939 በባልደረቦቹ ፊት፣ ወደ እሳት ብንጣልም ካመንንበት ወደ ኋላ አንልም አለ። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ተክል እየሰበሰበ ሳለ መኪና መጥቶ ወሰደው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቀንና ሌሊት ተመረመረ፤ ሰላይና አሻጥረኛ ተባለ። በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠለት። ባልደረባው ካርፔቼንኮ ግን በዚያው ዓመት ተረሸነ።

በእስር ቤት የሚሰጠው ምግብ ሰው የሚያቆይ አልነበረም። ጥር 26 ቀን 1943 ኒኮላይ ቫቪሎቭ ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 55 ነበር። ሳራቶቭ በወጣትነቱ ያስተማረባት፣ በ1920 ስሙን ያስጠራውን የእፅዋት ልዩነት ሕግ በጭብጨባ ያሰማባት ከተማ ናት። የሞተው በረሃብ ነው። የዓለምን እህል ሰብስቦ፣ ሰው እንዳይራብ ሲል አምስት አህጉር የዞረው ሰው! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ አይመስለኝም። ከዓመት በፊት የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባል አድርጎ መርጦት ነበር፤ እስር ቤት መሆኑን ዓለም በወጉ አያውቅም።

ሰብሳቢው እስር ቤት ሲራብ፣ የሰበሰበውን የሚጠብቁትም እየተራቡ ነበር። ከመስከረም 1941 ጀምሮ የሂትለር ጦር ሌኒንግራድን ከበበ፤ ከበባው 872 ቀን ፈጀ። በዚያ የመጀመሪያ የበረዶ ወቅት፣ በከፋው ጊዜ፣ ለብዙው ነዋሪ የሚታደለው በቀን 125 ግራም ዳቦ ነበር፤ ዳቦ ከተባለ። በኢንስቲትዩቱ ውስጥ ግን ሩዝ አለ፣ ስንዴ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ፣ ድንች አለ። ሠራተኞቹ በየክፍሉ በር ላይ እየተፈራረቁ አይጥ አባረሩ፤ ድንቹ እንዳይቀዘቅዝ ያገኙትን እንጨት አነደዱ። የኦቾሎኒው ኃላፊ አሌክሳንደር ሽቹኪን ጠረጴዛው ላይ ሞተ። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺዎች የሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች መካከል ሞተ። የአጃዋ ኃላፊ ሊዲያ ሮዲናም ሞተች። ሌሎችም ብዙ ናቸው። ከረጢቱ አልተነካም።

ይህንን ስሰማ፣ አንዳንድ ሰው «ምን ያለ ሞኝነት ነው?» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። የእኛ ገበሬ ግን እንዲህ የሚል አይመስለኝም። በክፉ ዘመን ገበሬው በሬውን ይሸጣል፣ ዕቃውን ይሸጣል፣ ሥራ ሥር ይበላል፤ «ዘሩን በላ» የሚባለው የመጨረሻው መጨረሻ ላይ ነው። ዘር የበላ ቤት ዝናብ ቢመጣም የሚዘራው እንደሌለው ያውቃላ። እነዚያ ሰዎች የጠበቁት ከዓለም የተሰበሰበ ዘር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሞስኮ «ዘር ምንም አይደለም፣ ሁሉን በሥልጠና እናመጣዋለን» ስትል፣ በርሊን ደግሞ «ዘር ሁሉም ነገር ነው» ትል ነበር። ናዚዎች በ1933 ባወጡት ሕግ ዘራቸው ደካማ ነው ያሏቸውን ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አምክነዋል፤ ቀጥሎ የመጣውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱም የሳይንስ ስም ጠርተዋል። ሁለቱም ሳይንሱ ያላለውን ነው ያሉት። በ1972 ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጆችን የዘር ልዩነት ቢለካ፣ 85 ከመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ሆኖ አገኘው። በሕዝብና በሕዝብ መካከል ያለው ጥቂቱ ነው። የኋላ ጥናቶችም ከዚህ ብዙም አልራቁም። «ዘርህ ምንድን ነው?» ተብሎ ለሚጠየቅ ሰው ሴሎቹ የሚሰጡት መልስ፣ ጠያቂውና ተጠያቂው የሚጠብቁት ዓይነት አይደለም ማለት ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልጨርስ። ሊሴንኮ አሸነፈ። በነሐሴ 1948 በሶቭየት ኅብረት ጄኔቲክስ በይፋ ተወገዘ፤ መምህራን ተባረሩ፣ መጻሕፍት ተሰበሰቡ። በሌላው ዓለም በ1944 ኤቨሪ እና ባልደረቦቹ የውርሱ ጽሑፍ ያለው ዲኤንኤ ላይ መሆኑን አሳዩ፤ በ1953 ዋትሰንና ክሪክ መልኩን ገለጹ። ቻይና ከ1958 ጀምሮ የሊሴንኮን ምክር ተከትላ ሰብሉን አጠጋግታ ዘራች፤ ሚሊዮኖች ላለቁበት ረሃብ ከተዳረገችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሊሴንኮ ከሥልጣኑ የወረደው ክሩሽቼቭ በ1964 ከወደቀ በኋላ ነው። ቫቪሎቭ በ1955 ከወንጀሉ ነጻ ነው ተባለ፤ ኢንስቲትዩቱም በስሙ ተሰየመ። ያ ሁሉ ሲሆን ስንዴው ማንንም አልሰማም። በውሳኔ አልተለወጠም፣ በጭብጨባ አልበቀለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ገበሬ ያቆየው ገብስ ዛሬ በዓለም ማሳ ላይ አለ። ቢጫ አቀጭጭ የሚባለውን የገብስ ቫይረስ የሚቋቋመው ጂን በካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከዚህ ከወሰዱት ገብስ የተገኘ ሌላ ጂን፣ የአውሮፓን ገብስ ዱቄት ከሚመስለው የቅጠል ሻጋታ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዚያ ገበሬ ማንም ምስጋና አልጻፈለትም፤ ስሙንም የሚያውቅ የለም። በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ለረጅም ጊዜ መርተውታል። ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ መኖር አለበት ብለው ስለታገሉ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ነገሩ ልክ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ዘር አይሞትም፣ ግን አይማርምም፤ ዋጉ ግን ውጭ ሆኖ በየዓመቱ ይማራል።

ዋግ ይማራል ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴያችንን መታው። ያንን የሚቋቋም «ዲገሉ» የተባለ የተሻሻለ ዝርያ ስለነበረ፣ ገበሬው ወደ እሱ ጎረፈ፤ ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ስንዴ ተሸፈነ። በ2013 መጨረሻ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና በባሌና በአርሲ ከአሥር ሺህ ሄክታር በላይ ላይ ወረደበት። አንዳንዱ ማሳ ሙሉ ለሙሉ ከሰመ። ሦስት ዓመት ብቻ! ኤቮሉሽን ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅ የአጥንት ታሪክ ብቻ ለሚመስለን፣ አርሲ ላይ በሦስት መኸር ውስጥ ታይቷል። ዲገሉ መጥፎ ስንዴ ስለነበረ አይደለም፤ ሁሉም ዲገሉ ስለሆነ ነው።

የተሻሻለ ዘር ይቅር ማለቴ አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በናፍቆት አይቀለብም። ግን የተሻሻለው ዘር ራሱ የሚሻሻለው ከነባሩ ነው። ነባሩ ከማሳ ሲጠፋ፣ ነገ ለሚመጣው ዋግ መልሱን ከየት እናመጣለን?

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የገጠር ዘመድ ያላችሁ፣ ለበዓል ስትሄዱ አዛውንቶቹን ጠይቁ። «እዚህ ድሮ ይዘራ የነበረ፣ አሁን ግን የቀረ ስንዴ፣ ገብስ ወይም አተር አለ?» በሉ። ስም ይጠሩላችኋል። እንዴት እንደሚቀመስ፣ ለምን እንደሚበጅ፣ በየትኛው ክፉ ዓመት እንዳወጣቸው ይነግሯችኋል። ስሙን ጻፉት። ከዚያ «አሁን ፍሬው ያለው ሰው አለ?» በሉ። ምናልባት አንዲት ባልቴት ከጓዳቸው ጥግ ቅል አውጥተው ጭብጥ ያሳዩዋችሁ ይሆናል። ካሳዩዋችሁ፣ በአቅራቢያው ላለ የግብርና ባለሙያ ወይም ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ ንገሩ። ግማሹን ደግሞ እሳቸው ዘንድ ተዉት፤ ከርሞ ይዘሩታል።